ከስድስተኛው ቀን በኋላስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጋምቤላ ካሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች በአንዱ ነርስ ነኝ። ሃያ የማኅበረሰብ ሠራተኞችን በአእምሮ ጤና አሠልጥን ተባልኩ። የተሰጠኝ አምስት ቀን ነው። ሠልጣኞቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው፤ ኑዌርኛ ተናጋሪ። ማንዋሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ወፍራም። ከየት ልጀምር? (ቲ.፣ ከጋምቤላ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንዋሉን ለጊዜው ትራስ አድርገው።

እኔም የመጀመሪያ ሥልጠናዬን በፓወርፖይንት ነበር የጀመርኩት። «የድብርት ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው» ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከኋላ የተቀመጡ እናት እጃቸውን አወጡና በአስተርጓሚ «ይሄማ ሰፈራችን በሙሉ ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ላፕቶፑን ዘጋሁ። ልክ ነበሩ። ቤተሰቡን ቀብሮ የመጣ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ሁሌ በሽታ ነው አይባልም።

ስለዚህ አንተ ጠይቅ። ከሰው የራቀ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው በቋንቋቸው ምን ይባላል? ማን ዘንድ ይወሰዳል?

ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ አሥር አሥር ደቂቃ ይደማመጡ። አዳማጩ «አይዞህ» ማለት ክልክል ነው። ሲሰሙት ይስቃሉ፤ ሲሞክሩት ግን ያልባቸዋል። ደግ ቃል ነው፣ ቶሎ ሲመጣ ግን የሰውየውን አፍ ይዘጋል። የጦርነቱንም ታሪክ ማንም ቆፍሮ አያውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጨርሰዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። አንዳንዴ ሴትዮዋን እንቅልፍ የነሣት የጠፋው የራሽን ካርዷ ነው። ያኔ ሕክምናው አብሯት ሄዶ መሰለፍ ነው።

ለሚጥል በሽታ ሰፊ ጊዜ ስጥ። በመጠለያ ክሊኒኮች ለአእምሮ ሕክምና ከሚመጡት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለ ልጅ ሳታይ አትቀርም። ክብሪት ማሽተት የለም፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት የለም። በጎን ማስተኛት፣ ከዚያ ወደ አንተ ማምጣት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ሳይቋረጥ መዋጡን የሚያየው ግን የሰፈሩ ሠራተኛ ነው። «መሞት እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ለብቻው አይተው፤ በዚያው ቀን ይምጣ።

እኔን የሚያሳስበኝ ስድስተኛው ቀን ነው። ሠልጣኞችህም ከዚያው ጦርነት ነው የሸሹት። ቀን የሰው ጉድ ሲሰሙ ውለው ማታ ወደ ራሳቸው ቤት ይገባሉ። በየሳምንቱ ሰብስባቸው። ምን ገጠማችሁ፣ እናንተስ ትተኛላችሁ ወይ በላቸው። በጀት የለም ካሉህ ሥልጠናውን አራት ቀን አድርገውና የአንዱን ቀን የሻይና የዳቦ ብር ለዚህ አስቀር።