ከፖሊሶቹ ቤት የቆረጥኳቸው ሁለት ገጾች

ውድ ወጣት ደራስያን፣

ከእናንተ አንዷ በቅርቡ በጻፈችልኝ ደብዳቤ፣ አባትና ልጆች ፖሊስ ስለሆኑበት ቤተሰብ ክርስቲያናዊ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እየጻፈች መሆኗን ገልጻ፣ «ገጸ ባሕርያቱ ሲጸልዩ ታሪኩ አይቀዘቅዝም ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ የቆየ ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ በአጭሩ ልመልስላት አልቻልኩም።

አርታኢ በሆንኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ባላቸውም ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውም ፖሊሶች የነበሩ አንዲት እናት ረቂቃቸውን አመጡልኝ። በሦስተኛው ምዕራፍ የቤቱ እናት መብራት አጥፍተው ተኝተው፣ ከሥራ የሚመለሱትን በቀበቷቸው ድምፅ ይለዩአቸዋል፤ አባትየው ቀበቶውን ከነሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ ታላቁ ልጅ አስቀድሞ ካቴናውን ያወጣል፤ ታናሹ ግን ሁሉንም ባንዴ ወንበር ላይ ይወረውረዋል። አንድ ሌሊት ሁለቱ ድምፆች ተሰምተው ሦስተኛው ይቀራል። እናትየዋ አይጮኹም፤ ጸሎት ቢጀምሩም ጆሯቸው በሩ ላይ ስለሆነ «አባታችን ሆይ» ከሚለው አያልፉም፤ ደጋግመው እዚያው ይመለሳሉ።

እኔ «ይህ ታሪኩን ይጎትተዋል» ብዬ ሁለቱንም ገጾች ቆረጥኳቸው፤ በምትካቸው እናትየዋ ተንበርክከው ጸልየው ሳይጨርሱ ስልክ እንዲደወልና ልጁ ያለበት እንዲታወቅ አስደረግሁ። ደራሲዋ አልተከራከሩኝም፤ «እኔ ስጸልይ እንዲህ ፈጥኖ የተደወለልኝ ቀን የለም» ብቻ አሉኝ። መጽሐፉ ታተመ፤ እርሳቸው ግን ሁለተኛ መጽሐፍ አልጻፉም። ያንን ስልክ እኔ እንዳስደወልኩት የሚያውቅ አንባቢ የለም፤ እኔ ግን ዛሬም ልጆቼ ሲያመሹ የሚታወሰኝ የሦስተኛው ቀበቶ ዝምታ ነው።

እንግሊዛዊው ካህን ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ልብ ወለድ ካወጣቸው 10 ደንቦች አንዱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል በምስጢሩ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሌላው መርማሪውን ድንገተኛ አጋጣሚ እንዳይረዳው ያዛል። ይህን የደነገገው ካህን መሆኑን ያኔ አውቄ ቢሆን ኖሮ፣ በእግዚአብሔር ስም የእኔን ስንፍና አልሸፍንም ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ ተኩስ ታበዛላችሁ፤ ወንድም ሲጠረጠር ቤተሰቡ በሙሉ መሣሪያ ታጥቆ ለምርመራ ይወጣል። ዘመዱ የተጠረጠረበት መርማሪ ግን መዝገቡን ለሌላ ማስረከብ ይገባዋል። ልብ የሚሰቀለውም ያኔ ነው፤ ከወንድሙ ጋር አንድ ማዕድ ቀርቦ፣ አብረው የማዕድ ጸሎት አድርሰው፣ የሚያብከነክነውን አንድ ጥያቄ እንዳይጠይቀው ሙያው ሲያስረው።

ተአምር አይግባ እያልኩ ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምወደው ታሪክ ተአምር ያለበት መሆኑን መደበቅ አይገባኝም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ነው። መልአክ ጴጥሮስን ከእስር ያወጣዋል፤ ስለ እርሱ የሚጸለይበትን ቤት በር ሲያንኳኳ ሮዴ የተባለች ገረድ ድምፁን አውቃ ከደስታዋ የተነሣ ሳትከፍትለት ወደ ውስጥ ትሮጣለች፤ ስለ እርሱ ሲጸልዩ ያመሹትም «አብደሻል» ይሏታል። ሲጸልዩ የቆዩበት ነገር ደጃፍ ላይ ቆሞ እያንኳኳ የማያምኑ ሰዎችን ያህል እውነተኛ ገጸ ባሕርይ በእኔ እጅ አልፎ አያውቅም።

ጴጥሮስን እንዲጠብቁ የተመደቡት 4 ጭፍሮች፣ እያንዳንዳቸው 4 ወታደሮች ነበሩ። ሲነጋ እስረኛው ታጣ፤ ሄሮድስም ጠባቂዎቹን መርምሮ እንዲገደሉ አዘዘ። ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ በዚያ ሌሊት የእነዚያ ጠባቂዎች እናቶች በየቤታቸው ምን ሲያዳምጡ እንዳደሩ እስኪ ጻፊልኝ፤ አንድም መስመር ሳልቆርጥ አነበዋለሁ።