የጂሙን ካርድ አትመን፣ የራስህን ደብተር ያዝ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ፍኖተ ሰላም ላይ ብረት መግፋት ጀምረሃል። ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ስንት ጊዜ እንደገፋህ ይጠፋብሃል። ጂሙ የምትሠራውን የሚመዘግብበት ካርድ አለ። «እሱ ይበቃኛል ወይስ አፕ ላውርድ?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች የአፕ ስም ደርድረውልሃል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። የኛ ጂም ካንተው ብዙም የሚለይ አይመስለኝም። ግማሹ ዕቃ ከውጭ የመጣ ነው፣ ግማሹ እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ። አሰልጣኙ አንድ፣ ሰዉ ብዙ። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ አንተ ላይ እንዳይደርስ።

1. ካርዱን እዛው ተውላቸው። መያዛቸው ችግር የለውም፣ ግን አንተ እሱን አትመን።

እኔ በጀመርኩበት ጂም ሁላችንም ካርድ ነበረን። ቢሮ ውስጥ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። የሚሞላው አሰልጣኙ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ የሚከታተልህ ሰው ያለ ይመስልሃል። አንድ ቀን ወርሃዊ ልከፍል ስገባ ቢሮው ባዶ ነበር። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ነበርና የራሴን ካርድ አውጥቼ አየሁት። በየዙሩ ስንት ጊዜ እንደገፋሁ ከላይ እስከ ታች 10፣ 10፣ 10 ይላል። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። አንዲት 9 የለችም። ሰው እኮ ሦስተኛው ዙር ላይ ይደክመዋል! ወረድ ስል ጥር 11 ቀን ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረት መግፋት) ሠርቷል ይላል። ጥር 11! ጂሙ ተዘግቶ፣ እኔ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ታቦት አጅቤ በዋልኩበት ቀን።

አሰልጣኙን ስጠይቀው «አንተ ዝም ብለህ ግፋ፣ ወረቀቱ የኔ ሥራ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ተውኩት። ታላቅ ነው፣ ሥራውን ያውቃል ብዬ።

የከፋው ግን ኪሎው ነው። ካርዱ ላይ በየሁለት ሳምንቱ 5 ኪሎ ይጨመራል። እኔ ገና 70 እየታገልኩ ካርዱ 85 ገብቷል። ከዛ ያ አሰልጣኝ ለቀቀና ሌላ መጣ። አዲሱ ልጅ ክፉ አልነበረም። ካርዴን አነበበና 85 ጫነልኝ። «ኧረ እኔ 70 ነው የምገፋው» አልኩት። «ካርድህ ላይ 85 ነው የሚለው፣ አትፍራ፣ እኔ አለሁ» አለ። ሁለቱን ገፋሁ። ሦስተኛው ላይ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። ክረምቱን ሙሉ ሸሚዝ ስለብስ በግራ እጄ እየጎተትኩ ነው የከረምኩት። ወጌሻ ጋ ሂድ ያለኝ ሰው ብዙ ነበር። እኔ ሐኪም ቤት ሄጄ በፊዚዮቴራፒ ቀስ እያልኩ ነው የተመለስኩት። ትከሻ ላይ አንተም እንደዛ አድርግ።

ቢሮ ሄጄ ካርዴን ስጡኝ፣ ለሐኪሙ ላሳየው አልኩ። «ካርዱ የጂሙ ንብረት ነው፣ አይወጣም» ተባልኩ። ፎቶ ላንሳው ስል ሳጥኑን ከፊቴ አነሱት። የከፈልኩት ገንዘብ ይቅር፣ ቢያንስ «ለመሆኑ ትከሻህ እንዴት ሆነ?» የሚል ሰው አልነበረም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። የሰው አካል እኮ ነው። በውሸት ቁጥር አይጫወቱበትም።

ስለዚህ ደብተር ግዛ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል፣ ሽፋኑ ጠንከር ያለ ይሁን። በእርሳስ ጻፍ። የአንዳንዱ እስክሪብቶ ቀለም ላብ ሲነካው ይፈሳል፣ ከዛ 8 ይሁን 3 አታውቀውም። ደግሞ ዙሩን እንደጨረስክ ወዲያው ጻፍ። ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ካልክ 8ቱ 10 ይሆናል። ማንም ሆን ብሎ አይደለም፣ ጭንቅላት እንደዛ ነው የሚሠራው።

2. ደብተሩ ላይ ከመጻፍህ በፊት ብረቱን መዝነው።

ይሄን የሚነግርህ ሰው አታገኝም። ባር ማለት ክብደቱ የሚሰካበት ረጅሙ ዘንግ ነው፤ ትክክለኛው የውድድር ባር የወንዶቹ 20 ኪሎ ነው፣ የሴቶቹ 15። ከቧንቧ ተቆርጦ የተሠራው ባር ግን የግማሹንም ያህል ላይመዝን ይችላል። ባሩ ላይ የሚሰካው ክብ ብረት፣ ፕሌቱም እንደዛው ነው። ከውጭ ከመጣው ውስጥ በፓውንድ የተጻፈ አለ። 45 የሚለው 45 ኪሎ አይደለም፣ 20.4 ኪሎ ነው። 25 የሚለው 11.3 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው፣ ለሱ አካፍል። በዓለም አቀፍ ውድድር 25ቱ ቀይ፣ 20ው ሰማያዊ፣ 15ቱ ቢጫ፣ 10ሩ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። እኛ ጋ ሁሉም ጥቁር ነው፣ የተጻፈውም ተልጧል።

ትከሻዬ ድኖ ወደ ሁለተኛው ጂም ስገባ ባለቤቱን «ብረቱን እናስመዝነው» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ፈቀደ። በአንድ እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ፕሌቶቹን ባጃጅ ላይ ጫንን። ባጃጁ ተንበረከከ፣ ሾፌሩ ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቀ፣ ልክ ነው ከፈልን። እህል ተራ የሚያውቀን ነጋዴ ጋ ሄድን። ኩንታል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ የጤፉን አቧራ በእጁ ጠረገልንና አንድ በአንድ ጫንን። «20» የሚለው አንዱ 18.4 ወጣ። ጓደኛው፣ ከሱ ጋር ጥንድ ሆኖ ባር ላይ የሚገባው፣ 16.7። ነጋዴው «ይሄን የሸጠላችሁ ሰው እኔ ጋ ጤፍ ቢሸጥ ጉድ ፈልቶ ነበር» አለ። ባሩን አቁመን መዘንነው፣ 11 ኪሎ።

አስላው እስኪ። ባሩ 20፣ ግራ 20፣ ቀኝ 20፣ 60 ገፋሁ ብሎ የሚጽፈው ሰው የሚገፋው 46 ኪሎ ነው። ያውም አንዱ ጎን ከሌላው 1.7 ኪሎ ይበልጣል። ሁልጊዜ ከባዱን ፕሌት በቀኝ በኩል የሚያስገባ ሰው ሁልጊዜ ቀኙን ያደክማል።

እውነተኛውን ክብደት በነጭ ቀለም እላያቸው ላይ ጻፍንበት፣ ተቀራራቢዎቹን አጣመርን። አንዳንዱ ልጅ ተቆጣ፣ 100 ገባሁ ብሎ ለሰው ተናግሮ ነበርና። አንዱማ ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሶ ነበር። ዛሬ ሁሉም በነጩ ቁጥር ነው የሚጽፈው። እኔ አሁን ስኳት (ባሩን ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ ማለት) 120 ነው የምሠራው፣ በእህል ሚዛን የተመዘነ 120። በዚህ እኮራለሁ።

አንተ ባጃጅ ባትጭንም ችግር የለም። ባሩንና ዘወትር የምትጠቀምባቸውን ጥቂት ፕሌቶች አስመዝን፣ ምልክት አድርግባቸው፣ ሁልጊዜ እነሱን ተጠቀም። ይሄም ካልተቻለ ቢያንስ ደብተርህ ላይ «ጠርዙ የተሰበረው 20» ብለህ ጻፍ። ክብደቱን በትክክል ባታውቀውም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ብረት ታነሳለህ።

3. የሚጻፈው ነገር ብዙ አይደለም። ቀኑ፣ የስፖርቱ ዓይነት፣ ኪሎው፣ በየዙሩ የተነሳው ድግግሞሽ፣ እና ዙሩ ሲያልቅ ስንት ይቀርህ እንደነበር፣ ማለትም ስንት ጊዜ ጨምረህ ማንሳት ትችል እንደነበር። የመጨረሻዋን ሰው ይዘላታል፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት። የኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ስኳት 110፣ 5፣ 5፣ 5፣ ይቀራል 2»። በሚቀጥለው ሳምንት ያው 110፣ 5፣ 5፣ 5 ሆኖ «ይቀራል 3» ከሆነ ኪሎው ባይጨምርም ጠንክረሃል። «ይቀራል 0» ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ኪሎ አትጨምር፣ ማንም ምንም ቢልህ።

መቼ ትጨምራለህ? የያዝከውን ድግግሞሽ በሁሉም ዙር ሞልተህ 1 ወይም 2 ሲቀርህ። ባር ላይ 2.5 ኪሎ ጨምር፣ በየጎኑ 1.25። ጂምህ 1.25 እንደሌለው ከወዲሁ አውቃለሁ፣ የኛም አልነበረውም። ብየዳ ቤት ሄደን ከላሜራ ክብ አስቆረጥን፣ ሱቅ ሚዛን ላይ እየመዘንን አስተካከልነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዛቸው። በአንድ እጅ የሚያዘው አጭር ብረት፣ ዳምቤል ላይ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ከ10 ወደ 15 ነው የሚዘለው። ያ ግማሽ ያህል ጭማሪ ነው፣ ትከሻ አይችለውም። 10ሩን ከ8 ድግግሞሽ ጀምረህ እስከ 15 አድርሰው፣ ከዛ 15 ኪሎውን ያዝ። ያለ ደብተር ይሄ አይቻልም፣ ምክንያቱም ጭማሪው ያለው ኪሎው ላይ ሳይሆን ድግግሞሹ ላይ ነው።

ይሄ የኔ ፈሊጥ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ዲሎርም የሚባል አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በክብደት ያክም ነበር። ሰውዬው 10 ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለውን ክብደት ይለካል፣ ጉልበት ሲጨምር ክብደቱን ይጨምራል። አሁን በየጂሙ 3 ዙር በ10 የሚባለው ነገር ከሱ ነው የመጣው። እሱ ግን ለክቶ ነው የጨመረው። የኛዎቹ ቁጥሩን ወሰዱ፣ መለካቱን ተዉት።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳውን ትልቁን ኪሎ ልሞክር ብለህ ደግሞ ራስህን አትጉዳ። ሒሳብ አለው። ያነሳኸውን ኪሎ በድግግሞሹ አባዛ፣ ለ30 አካፍል፣ የመጣውን ኪሎው ላይ ደምር። 80ን 6 ጊዜ ከገፋህ 16 ይመጣል፣ ስለዚህ ወደ 96 ገደማ ነህ። ግምት ነው፣ ድግግሞሹ ከ10 ሲያልፍ ይሳሳታል፣ ግን ወዴት እየሄድክ እንደሆነ ያሳይሃል።

ደብተሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ «ጾ» ወይም «ፍ» ብለህ ጻፍ። ጾም ወይም ፍስክ ማለት ነው። ይሄን የውጭ አፕ አይጠይቅህም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ጉልበትህ በግልጽ ይወርዳል። እኔ ስኳቴ በሁዳዴ ወደ 100 ይወርዳል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። የአምናውን ገልጬ ሳየው አምናም ወርዶ ተመልሷል። ይሄን ያልጻፈ ልጅ «ፕሮግራሙ አልሠራልኝም» ብሎ በየሳምንቱ ፕሮግራም ይቀያይራል። የሁዳዴን ከሁዳዴ ጋር አወዳድር። አገር ቤት ሄደህ አጨዳ ከዋልክም ጻፈው። አጨዳ የወገብ ሥራ ነው፣ በማግስቱ ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት ማንሳት) ከወረደ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

አፕ ወዳልከው ስመጣ፣ አልከለክልህም። ግን በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ክልላችን ላይ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እዚህ ብዙ ልጆች መዝገባቸውን ማየት አልቻሉም ነበር። አፑ ግባ ይላል፣ መግቢያ የለም። የኔ ደብተር ያኔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አፕ ከፈለግህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መዝገቡን በፋይል የሚያወጣልህ ምረጥ። ስልክ ደግሞ ዕረፍት ያስረዝማል። ለከባዱ ብረት 2 ወይም 3 ደቂቃ ማረፍ ጥሩ ነው፣ ቪዲዮ ከከፈትክ ግን 10 ደቂቃ ነው፣ ሰውነትህ ይቀዘቅዛል፣ ባሩን የሚጠብቅ ሰውም ከጀርባህ ቆሟል።

ካርዱን ልሙላልህ ካሉህ ይሙሉ፣ አትጣላቸው። አሰልጣኙ በካርዱ ተነስቶ ኪሎ ሊጭንልህ ሲል ግን ደብተርህን አሳየው። ታላቅህም ቢሆን በአክብሮት «ወንድሜ፣ የገፋሁት ይሄን ነው» በለው። እምቢ ካለ ባሩ ስር አትግባ።

ፕሮግራሜን እዩልኝ ያልከውን አየሁት፣ አራቱ ቀን ጥሩ ነው፣ ዓርብ ላይ ያለው ብቻ በዝቷል። ግን ኪሎዎቹ ላይ አሁን ምንም አልልህም። መጀመሪያ ባርህን አስመዝንና ስንት እንደሆነ እዚሁ ስር ጻፍልኝ፣ ቀጥሎ ያለውን አብረን እናየዋለን።