«ማን አመሰገነሽ?» ስለ በጎ ፈቃድ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰው በነፃ የሚያገለግለው ለምንድን ነው? ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በክረምት በጎ ፈቃድ ሕፃናት ላስጠና ተመዝግቤያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሲቪዬ ላይ ልጽፈው ብዬ ነው። ሕሊናዬ ይወቅሰኛል።

መልስ፦ አይውቀስህ። ሥራ ስትፈልግ ልምድ ይጠይቁሃል፤ ልምድ የሚገኘው ደግሞ ከሥራ ነው። በር ካገኘህ ግባ። ክፍልፋይ ያስቸገራት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ለምን እንደመጣህ አትጠይቅህም። ማክሰኞ እመጣለሁ ብለህ ከቀረህ ግን ደብተሯን ይዛ ትጠብቅሃለች። እኔን የሚያሳዝነኝ ቲሸርቱን ተቀብሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ሁለት ዓመት አስታመምኳት። ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። አሁን ሄጄ አረጋውያንን ማጠብና ማጉረስ እፈልጋለሁ። እህቴ «ሐዘንሽን ልትረሺበት ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቢሆንስ ምን አለበት? ሁለት ዓመት ሙሉ እጅሽ ትራስ ማስተካከል፣ ገላ ማጠብ፣ አጥሚት ማጠጣት ለምዷል። አንድ ቀን ጠዋት ሁሉም ቆመ። ያንን ሥራ ቢናፍቅ አይገርምም። የተኛ ሰው እንዳይቆስል ማገላበጥ ደግሞ ትልቅ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተውን መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት እንዳንቺ ያለ እጅ በጣም ያስፈልጋቸዋል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያም ሰው ያርፋል። የለመድሻቸው እማማ አልጋቸው ባዶ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ በሳምንት ግማሽ ቀን ይሁን። ሲከብድሽ ወጥ ቤት ግቢና ሽንኩርት ላጪ፤ እሱም አገልግሎት ነው። እህትሽንም አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ገንዘብም ጊዜም የለኝም። ደም ብለግስ ይቆጠራል?

መልስ፦ እንዴታ! ዕድሜህ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትህ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆንክ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችላለህ። በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ያቺ ግማሽ ሰዓትህ ሕይወት ናት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ቀይ መስቀል ሄጄ የመጀመሪያ እርዳታ ላስተምር አሰብኩ። ልጆቼ «የደከምሽው አይበቃም? እስካሁንስ ማን አመሰገነሽ?» አሉኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ ልጆችዎ እንዲህ የሚሉት ስለሚሳሱልዎት ነው። ግን ዕድርተኛው በሌሊት ተነስቶ ድንኳን የሚተክለው ማን ከፍሎት ነው? ነግ በእኔ ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ሲቋቋም ጀምሮ የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ጭምር ነው። ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጠዋት ለመነሳት ምክንያት ያገኛል። ይሂዱ። ደረጃ የማይበዛበት ቦታ ይምረጡ። የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፈን እንደሆነም ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።