በረኪና ወይስ እንዶድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። የ6 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንት ቤቱን በበረኪና ሳጥብ ሳሉ ይነሳበታል። ጎረቤቴ «ኬሚካሉን ከቤት አውጪው፤ ሎሚ፣ አቼቶ፣ እንዶድ አለልሽ፤ የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም» ትለኛለች። በረኪናውን ጨርሼ ለመተው ስላልደፈርኩ ሎሚ ጨምቄበት መጠቀም ጀመርኩ። ሽታው ጭራሽ ባሰ፤ ዓይኔንም አቃጠለኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሎሚውንና በረኪናውን ይለያዩልኝ። ዛሬውኑ! በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ዓይንዎን ያቃጠለው እሱ ነው። ሎሚም አቼቶም አሲድ ናቸው፤ ለሽንት ቤት ተብሎ የሚሸጠው አሲድ ደግሞ የባሰ ነው። ከሽንት የሚመጣው አሞኒያም ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ በረኪናው ከመፍሰሱ በፊት ሽንት ቤቱ በውሃ በደንብ ይታጠብ።

ጎረቤትዎ ክፉ አልመከሩም፤ ግን ከሰልም ዕጣንም የተፈጥሮ ናቸው። በጠባብ ቤት፣ በር ተዘግቶ ቡና ሲፈላ የሚወጣው ጭስ ለልጅዎ ሳንባ ከበረኪናው አይተናነስም። ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ እሱ አዋቂም ይገድላል። ቡና ይቅር አልልም (ማንስ ይሰማኛል?)፤ በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ልጁ ባለበት ባይጨስ ደስ ይለኛል። ለቢምቢ ብለው የሚያጨሱት ነገርም ያው ጭስ ነው። አጎበሩ ይሻላል።

እንዶድን እኔም እወደዋለሁ። የእናቴ ነጠላ በሱ ነበር የሚታጠበው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ቆሻሻ በደንብ ያስለቅቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነውና። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። እንግዲህ ጣና ዳር ቆመው በእንዶድ ልብስ አይጠቡ፤ ቤት ውስጥም ልጅ እንዳይውጠው። ሲወቀጥ የሚቦንነው ዱቄት አፍንጫና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፤ ያኔ ልጅዎ ውጭ ይጫወት።

ሎሚና አቼቶ? ማንቆርቆሪያ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር ያስለቅቃሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰው የተጠቀመበትን ሽንት ቤት ግን ለነሱ አልተውም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። በአዘቦት ቀን ሳሙና፣ ውሃና ጥሩ መፈግፈጊያ ይበቃል፤ አብዛኛው ጀርም ከቆሻሻው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። በረኪናው ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ይውጣ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡት። በሙቅ ውሃ አይሁን፤ እንፋሎቱ ይበረታል። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፣ ኃይሉ ይደክማል። መስኮቱ ይከፈት፣ ልጁ ሽታው እስኪጠፋ ጎረቤት ይቆይ። መዓዛ ያለው ሳሙናም አንዳንድ አስመኛ ላይ ሳል ይቀሰቅሳል፤ ሽታ የሌለውን ይምረጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። በረኪና በባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጎነጫል። እንዲህ ከሆነ አያስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጠው ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ።

ልጅዎ ሌሊት እያሳለ የሚነቃ ከሆነ ወይም ማስታገሻ ፓፉን (ሲያፍነው በአፉ የሚስበውን መድኃኒት) በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚፈልግ ከሆነ ሕክምናው መስተካከል አለበት፤ ጽዳቱን ብቻ በመቀየር አይፈታም። ለክትትል ሲሄዱ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙባቸውን ጠርሙሶች ሁሉ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ።