ጭብጡን ስጠይቃቸው ታሪኩን ይተርኩልኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ውስጥ 7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የአንድ ታሪክ ጭብጥ ምንድን ነው ስላቸው ወይ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይተርኩልኛል፣ ወይ “ትዕግሥት” ብለው ቁጭ ይላሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት ሲዳምኛ ነው። ምን ላድርግ? (መምህርት፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። “ትዕግሥት” ያለው ልጅ ግማሽ መንገድ ደርሷል፣ አይቆጡት። አንድ ቃል ርዕሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ የሚሆነው ታሪኩ ስለ ትዕግሥት ምን እንደሚል ልጁ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ነው። ይህን ግን ሰሌዳ ላይ ጽፈው አያስገልብጡ፤ ለፈተና ሸምድደውት ይረሱታል።

በሚያውቁት ተረት ይጀምሩ። የእንጀራ እናቷንና የአንበሳውን ተረት እንውሰድ። እናቱ የሞተችበት ልጅ የእንጀራ እናቱን አልቀርብ ይላል፣ የሠራችለትን አይበላም። እሷም የሚያስወድድ መድኃኒት ፍለጋ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፤ የአንበሳ ጢም አምጪ ይላታል። ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች፣ በስተመጨረሻ ነቅላ ታመጣለታለች። አዋቂው ተቀብሎ እሳት ውስጥ ይጥለዋል።

እዚህ ጋ ያቁሙና “ለምን አቃጠለው?” ይበሏቸው። ዝም ቢሉም ይጠብቁ፣ መልሱን አይንገሯቸው። መድኃኒቱ ጢሙ ውስጥ እንዳልነበረ አንዱ ሲገባው “ታዲያ ሴትዮዋ ምን ተማረች?” ብለው ይቀጥሉ። ያኔ “ፍቅር በግድ አይመጣም፣ ቀስ ብሎ የሚቀርብ ያገኘዋል” የሚል ነገር ይወጣል። ሌላዋ ደግሞ “እናቱን ያጣ ልጅ ሌላ ሰው ለመውደድ ጊዜ ይፈልጋል” ብትል እሷም ልክ ናት፤ እኔ እንዲያውም የሷን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስለ ሴትዮዋ እናወራና የልጁን ሐዘን እንረሳዋለን። ብቻ ሁለቱንም “ታሪኩ ውስጥ የቱ ጋ አገኛችሁት?” ብለው ይያዟቸው። ማስረጃ የሌለው ጭብጥ ግምት ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ማሰቡና በአማርኛ መጻፉ ሁለት የተለያየ ሥራ ስለሆነ አንድ ላይ አይጫኑባቸው። መጀመሪያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር በሲዳምኛ ይወያዩ፣ ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፉ። ከቤት የሰሙትን ተረት እንዲያመጡም ይጠይቋቸው፣ አያት ያላቸው አይቸገሩም።

ፈተና ሲያወጡ ክፍል ውስጥ ያልተነሳ አጭር ታሪክ ይስጡ። ግማሹን ነጥብ ለጭብጡ፣ ግማሹን ለማስረጃው ያድርጉት።