የድምፅ ዲኮደር በቆየ ሎኮሞቲቭ ላይ

ጥያቄ፦ በኤች ኦ መጠን፣ ማለትም በ1:87፣ የተሠራና በአናሎግ (ሐዲዱ ላይ ባለው ቮልቴጅ ብቻ) የሚሄድ የቆየ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ አለኝ። የዲኮደር (ከሐዲዱ የሚመጣውን ዲጂታል ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን የሚያዝ ትንሽ ሰርኪት) ሶኬት የለውም። የድምፅ ዲኮደር ራሴ ገጥሜ በዲሲሲ (በዲጂታል የባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓት) ላስኬደው ብፈልግ ከየት ልጀምር? አንድ ጓደኛዬ የገጠመው ድምፁ የሰለለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሞተሩ ይጀምሩ። በብዙ የቆዩ ሎኮሞቲቮች ከሁለቱ የሞተር ብሩሾች አንዱ ከብረት ሻንሲው ጋር፣ ሻንሲውም ከአንደኛው ሐዲድ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ይህን ሳይለዩ ዲኮደር ቢገጥሙ የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በዲኮደሩ የሞተር መስመር ገብቶ ያቃጥለዋል። ስለዚህ አንድም ሽቦ ሳይበይዱ፣ ሁለቱም ብሩሾች ከሻንሲውም ከሐዲዱም ፈጽሞ መለየታቸውን በቴስተር ያረጋግጡ። በዚህ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይኸው ነው፤ ቢቻኮሉ የሚከስሩት የዲኮደሩን ሙሉ ዋጋ ነው።

ቀሪው የሽቦ ሥራ ቀላል ነው። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ባወጣው የቀለም ደንብ መሠረት ቀዩ ወደ ቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ወደ ግራ ሐዲድ፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ነጩ ለፊት መብራት፣ ቢጫው ለኋላ መብራት ሲሆን ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። የመብራቶቹም መስመር ሻንሲውን መንካት የለበትም።

ገጥመው ሲጨርሱ ሎኮሞቲቩን በቀጥታ ዋናው ሐዲድ ላይ አያስቀምጡት፤ መጀመሪያ በፕሮግራሚንግ ሐዲድ፣ ማለትም የዲኮደሩ ቅንብር በሚነበብበትና በሚጻፍበት የተለየ ሐዲድ፣ ላይ ይሞክሩት። የፕሮግራሚንግ ሐዲድ የሚሰጠው ኃይል የተገደበ በመሆኑ የሽቦ ስሕተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። አዲስ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ በአድራሻ (ሎኮሞቲቩ በሚጠራበት ቁጥር) 3 ይመጣል፤ አጭር አድራሻውን የሚቀይሩት በሲቪ 1 ነው (ሲቪ ማለት ቁጥር የተሰጠው የዲኮደሩ ቅንብር ነው)። ረጅሙ አድራሻ በሲቪ 17 እና 18 ይጻፋል፤ በሲቪ 29ም እንዲሠራ መፈቀድ አለበት። ዲኮደሩ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ሞተሩን ለቅጽበት በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ንባቡ እምቢ ካለ በቅድሚያ የሞተሩን ሽቦዎች ይመርምሩ።

የጓደኛዎ ሎኮሞቲቭ ድምፅ የሰለለው ምናልባት ስፒከሩ ያለ ሳጥን ስለተቀመጠ ይሆናል። ከስፒከሩ ፊትና ጀርባ የሚወጡት ሞገዶች ሲገናኙ፣ በተለይ ወፍራሙን ድምፅ፣ እርስ በርሳቸው ያጠፋፉታል። ጠርዙ በደንብ በታሸገ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ቢገጠም ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። የስፒከሩ ኦም በዲኮደሩ መመሪያ ከተፈቀደው ማነስ የለበትም። የድምፁን መጠን የሚያስተካክሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የሲቪ ቁጥሩም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በሎክሳውንድ ዲኮደር ሲቪ 63፣ በሱናሚ 2 ዲኮደር ደግሞ ሲቪ 128 ነው።