ሰው ሠራሽ እግር ሲያም «ቻለው» አትበሉት

«ወንድሜ በመኪና አደጋ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመለት ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰዓት ሳይሞላው አመመኝ ብሎ ያወልቀዋል፤ ቻለው እንለዋለን። መቼ ነው የሚለምደው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

እኔም ግራ እግሬን ያጣሁት ከጉልበት በታች ነው። «ቻለው» ማለቱን ተዉትና የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያሳያችሁ። እንዲህ ያለው እግር ክብደትን የሚያሳርፈው በዋናነት ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ እንጂ በተቆረጠው ጫፍ ላይ አይደለም። ስለዚህ ከሎሚው በታች ጫን ጫን ቢለው አያስደነግጥም። ጫፉን የሚያመው ከሆነ ግን የቀረው እግሩ በሚገባበት የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ከልክ በላይ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እብጠቱ ይጎድላል፣ ጡንቻውም ይሳሳል፤ ልክ የነበረው ማቀፊያ ይሰፋል። ጠዋትና ማታ እንኳን መጠኑ ይለያያል። ያን ጊዜ በተቆረጠው እግሩ ላይ ካልሲ ይደርባል፤ ካልሲው ከበዛ ወደ ሠራለት ባለሙያ ይመለስ። ይሰለቸኛል ብሎ ማፈር አያስፈልግም፣ ማስተካከል ሥራው ነው።

ሲያወልቅ ቆዳውን እዩለት። ቅላቱ በ10 ደቂቃ ገደማ ከጠፋ ደህና ነው። ካልጠፋ ወይም ውኃ ከቋጠረ ባለሙያ ሳያየው መልሶ አያድርገው። ካልሲው በየቀኑ ይታጠብ። ሲተኛም ከጉልበቱ ሥር ትራስ አታድርጉለት፤ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀርና አልዘረጋ ይለዋል።

ብዙዎች የማያነሱት የጫማን ጉዳይ ነው። የብዙዎቹ ሰው ሠራሽ እግሮች ቁርጭምጭሚት አይተጣጠፍም፤ የሚስተካከለውም ለአንድ የተረከዝ ቁመት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወለቀ እንደሆነ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጉልበቱንም ይለጥጠዋል። እኔ ሰው ሠራሹ እግር ላይ በማደርገው የጫማ ካልሲ ውስጥ ተረከዙ ሥር ቁራጭ ሶል አደርጋለሁ። ለወንድምሽ የሚሆነውን የሶል ውፍረት ባለሙያው ይለካለት።

ደረጃም ሆነ ታክሲ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ ሰው ሠራሹ። ቁልቁለት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይውረድ። ኮብልስቶኑ ለጊዜው ይቆየው።

መቼ ይለምደዋል ላልሽው ቀን መቁረጥ አይቻልም። መራመድ በሚለማመድባቸው ግራና ቀኝ በተዘረጉት ሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆሞ ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ እኩል መጣል ሳይችል ግን ክራንቹን አታስጥሉት። አብዛኛው አነካከስ የሚመጣው አዲሱን እግር ባለማመን ነው፤ ሰውየው ሳይረግጠው ቸኩሎ ያልፈዋል።

እስቲ ንገሪኝ፣ የሚያመው ከሎሚው በታች ነው ወይስ ጫፉ ላይ? ስንት ካልሲስ ይደርባል?